ስፖይለሩን ሥሩት፤ መኪናውን ግን ከመሬት አያጣብቀውም

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከተለያዩ ሰዎች ደርሶኛል። ለአውቶሞቢል የሚሆን የኋላ ስፖይለር፣ ማለትም የኋላ ኮፈን ላይ የሚገጠም ክንፍ መሰል ነገር፣ እቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል። አጻጻፉ ግልጽ ነው፣ ለማንበብም ደስ ይላል። ግን ሰው ሊያስጎዱ የሚችሉ ምክሮች ስላሉበት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ሐሳቡን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ስፖይለር በንፋስ ኃይል የመኪናውን ኋላ ወደ መሬት ስለሚጫን በክረምት አስፋልቱ ሲረጥብ እንዳይንሸራተት ያደርገዋል። ለዚህም የውድድር መኪኖችንና ኦዲ ቲቲ የሚባለውን የጀርመን መኪና በምስክርነት ይጠራሉ። ሁለተኛ፣ ነዳጅ ይቆጥባል። ሦስተኛ፣ ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣው ነጭ ፎም በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ) እና በፋይበር ግላስ (ከመስታወት ክር በተሠራ ጨርቅ) ቢሸፈን ጥሩ ስፖይለር ይወጣዋል፤ ፋይበር ግላስ ያጣ ሰው ኮምፔርሳቶ ቆርጦ ስቱኮ ቢያለብሰው ይሆናል። አራተኛ፣ ለመግጠም በሁለት ፊቱ የሚያጣብቅ ፕላስተር ብቻውን ይበቃል፤ የሚሰጋ ሰው ሁለት ብሎን ይጨምርበት። አምስተኛ፣ መኪናው የራስዎ ስለሆነ ማንም አይጠይቅዎትም።

ከሁሉ በፊት በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ሰው በእጁ እንዲሠራ ያበረታታሉ። የመለዋወጫ ዋጋ በየጊዜው በሚሰቀልበት በዚህ ወቅት፣ ሶማሌ ተራ ዋጋ ጠይቆ ተስፋ ቆርጦ የተመለሰ ወጣት «ራሴ ልሞክረው» ቢል ያስደስተኛል። ዲኤክስ ኮሮላን ይህን ሁሉ ዓመት መንገድ ላይ ያቆዩት የእኛው ባትላሜራዎችና መካኒኮች ናቸው። ስለዚህ ክርክሬ ከመሥራቱ ጋር አይደለም።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ፤ ትልቁ እሱ ነው። ስፖይለርና ክንፍ የምር ይሠራሉ ወይ? አዎ፣ ይሠራሉ። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ሚካኤል ሜይ በ1956 እ.ኤ.አ. ፖርሼ 550 ላይ ትልቅ ክንፍ ገጥሞ ኑርቡርግሪንግ ወደሚባለው የጀርመን የውድድር ሜዳ ሄዶ ነበር፤ አዘጋጆቹ አውርደው አሉት። ከአሥር ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ጂም ሆል በቻፓራል መኪናው ላይ ከፍ ያለ ክንፍ ተክሎ መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ፎርሙላ 1 ተከተለው። ፖርሼ በ1972 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያወጣው 911 ካሬራ አርኤስም ከኋላ ቀና ያለች ጅራት ነበረችው፤ በከፍተኛ ፍጥነት የኋላው ወደ ላይ መነሳት በእሷ ቀንሷል። ስለዚህ ጸሐፊው የጠሩት ሳይንስ ተረት አይደለም። የዘለሉት ግን ፍጥነቱን ነው።

የንፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አይሄድም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነት በግማሽ ሲወርድ ግፊቱ ሩብ ብቻ ይቀራል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ጽሑፉ የሚያሠራው ስፖይለር ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ቅርጹ እቤት ከተሠራ ነገር ከሚጠበቀው በላይ ጥሩ ነው ብለን በልግስና እንቁጠርለት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ግፊቱም ያንኑ ያህል ያንሳል። ውጤቱ ይኸውላችሁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ስፖይለሩ የሚጫነው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። በ80 ከሁለት ኪሎ ብዙም አይዘልም። የአዳማን ፈጣን መንገድ ይዛችሁ 120 ብትደርሱ አምስት ኪሎ ገደማ ይሆናል። ኮሮላ ባዶውን ከ1,000 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አምስት ሊትር ዘይት የኋላ ኮፈን ውስጥ ብታስቀምጡ ያንኑ ያህል ትጫኑታላችሁ፤ ያውም ቆማችሁም ጭምር።

የኦዲ ቲቲ ታሪክም ግማሹ ነው የተነገረው። መኪናው በ1998 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የኋላ ስፖይለር አልነበረውም። ጀርመን ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት አደጋዎች ሲደርሱ ኩባንያው መኪኖቹን ጠርቶ ስፖይለር ገጠመላቸው። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ነገር ግን አደጋዎቹ የደረሱት በአውቶባን፣ በጀርመን ፈጣን መንገድ፣ ፍጥነት ነው፤ ከመገናኛ ቦሌ በሚነዳበት ፍጥነት አይደለም። መፍትሔውም ስፖይለር ብቻ አልነበረም። ከስር ሾክ አብዞርበሩና እግሩ ላይ ለውጥ ተደርጓል። መኪናው ሲስት ራሱ ፍሬን እየያዘ የሚያስተካክል ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያም ተጨምሯል። ከዚህ ሁሉ ስፖይለሩን ብቻ ነጥሎ «ይኸው፣ ኦዲም አደረገው» ማለት አንባቢን ያሳስታል።

ደግሞስ ዝናብ ላይ መኪና የሚንሸራተተው ለምንድን ነው? በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመ አቧራና ዘይት የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ያሟልጫል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውኃውን ወደ ጎን ማስወጣት ስለማይችል ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። አሁን ከተማውን የሞሉት ያሪስ፣ ቪትዝና የቅርብ ዘመን ኮሮላዎች የሚጎተቱት ደግሞ በፊት ጎማ ነው። መሪ የሚታጠፈው ከፊት ነው፤ ፍሬን ሲያዝም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው። ኋላ ኮፈን ላይ የተገጠመ ነገር እነሱን አያግዛቸውም።

ይህን ያህል የምነዘንዘው ለሒሳቡ ብዬ አይደለም። «ዝናብ ላይ ይይዘዋል» ተብሎ የተነገረው ሰው ስፖይለሩን ገጥሞ ጎማ መቀየሩን ለሚመጣው ክረምት ሊያስተላልፈው ይችላል። ወይም እርጥብ ኩርባ ላይ ከወትሮው ትንሽ ፈጠን ብሎ ይገባል። ጽሑፉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰርዙ ብባል የምሰርዘው ይህንን ነው።

ነዳጅ ላይ ብዙ አልቆይም። ጫፉ ላይ በትክክል የተቀመጠች ቀጭን ስፖይለር ከኋላ የሚፈጠረውን የንፋስ ሽክርክሪት ልትቀንስ እንደምትችል እውነት ነው፤ ፋብሪካዎች ይህንን የሚያገኙት ግን መኪናውን በንፋስ መሞከሪያ ክፍል ውስጥ ደጋግመው ለክተው ነው። በዓይን ግምት የተቆረጠ ስፖይለር ንፋሱን የመቀነስም የመጨመርም ዕድል አለው፤ ከፍ ብሎ የቆመ ከሆነ ደግሞ መጨመሩ ያመዝናል። ከዚያም በላይ በከተማ ፍጥነት ቤንዚን የሚበላው ንፋስ አይደለም። በ40 ኪሎ ሜትር የጎማው መንከባለል ብቻ ከንፋሱ ይበልጥ ይጎትታል፤ በየመብራቱ ቆሞ መነሳት ደግሞ አለ። ነዳጅ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ጎሚስታ ጋ ጎራ ብሎ የጎማውን ንፋስ ያስተካክል።

አሁን ወደ አሠራሩ። ጸሐፊው ነጩን የቴሌቪዥን ፎም በስፖይለር ቅርጽ ከቆረጡ በኋላ ሬዚን ቀብተው ፋይበር ግላስ ያለብሱታል። እዚህ ላይ አንባቢው ዕቃውን ገዝቶ ሥራውን ጀምሮ እጁ ላይ ይበላሽበታል። ነጩ ፎም ፖሊስታይሪን ነው። ርካሹና ለፋይበር ግላስ ሥራ የተለመደው ሬዚን ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ያለው ስታይሪን የሚባለው ፈሳሽ ነጩን ፎም ያሟሟዋል። ብሩሹ በነካበት ቦታ ፎሙ እያያችሁት ይሰምጣል፣ ይጎደጉዳል፣ በመጨረሻም የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይሆናል። ከላይ ያለበሳችሁት ፋይበር ግላስ የሚይዘው ነገር አጥቶ ይሸበሸባል።

መፍትሔ አለው። ኤፖክሲ ሬዚን ነጩን ፎም አይበላውም፤ ዋጋው ግን ይወደዳል። ወይም ፎሙን ራሱን ቀይሩት፤ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ፎም ፖሊስተር ሬዚንን ይችላል። ነጩ ፎም ብቻ ነው ያለኝ የሚል ሰው ደግሞ ፎሙን በሙሉ ቀዳዳ ሳያስቀር በፕላስተር ይጠቅልለውና ሬዚኑን ከፕላስተሩ በላይ ይቀባ። አንዲት ቀዳዳ ከቀረች ሬዚኑ በእሷ ገብቶ ውስጡን ይበላዋል።

ማጠንከሪያውን በተመለከተም ጽሑፉ «ቶሎ እንዲደርቅ በርከት አድርጉ» ይላል። ይህ ጎጂ ምክር ነው። ለፖሊስተር ሬዚን የሚጨመረው ማጠንከሪያ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ሲበዛ ሬዚኑ ጣሳው ውስጥ እያለ ይግላል፣ ይጨሳል፤ የደረቀውም ይሰነጠቃል። ይኸው ማጠንከሪያ ዓይን ውስጥ ቢረጭ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ጽሑፉ ውስጥ መነጽርና ጓንት የሚል ቃል የለም። በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ የሚነሳው የፋይበር ግላስ ብናኝም ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር ነው፤ አፍና አፍንጫ ሳይሸፍኑ፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ግቢ ውስጥ፣ ማሸት አይገባም።

ኮምፔርሳቶውን ግን ጨርሶ አልመክርም። እንጨት ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ፀሐይ ሲነካው ይኮማተራል። ከላይ ያለው ስቱኮ እንደዚያ መለጠጥ አይችልም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ኮምፔርሳቶው ንብርብሩ ይላቀቃል። አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ ውጩ ቀለም፣ ውስጡ የበሰበሰ ነገር ነው የምትነዱት። ክብደቱም አለ። የኋላውን ኮፈን ከፍታችሁ ስትለቁት ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሞላዎቹ ለራሱ ክብደት ተለክተው ስለተሠሩ ነው። አራትና አምስት ኪሎ ስትጨምሩበት ዕቃ ለማውጣት ባጎነበሰ ሰው ጭንቅላት ላይ ይወርዳል።

አራተኛው ነጥብ፣ አገጣጠሙ፣ እሱም በጣም ያሳስበኛል። በእርግጥ ጸሐፊው «ፕላስተር ይይዛል» ማለታቸው መሠረት አለው። ፋብሪካዎችም ቀጭንና ቀላል ስፖይለሮችን በፕላስተር ይለጥፋሉ። ግን ደረቅ ጨርቅ አሳልፎ ለጥፎ ወዲያው መንዳት አይሆንም። ቦታው በአልኮል ተጠርጎ ቅባቱ መውጣት አለበት። ብረቱ መቀዝቀዝ የለበትም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ላይ የአዲስ አበባ ብርድ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ፀሐይ እስኪሞቅ መጠበቅ ነው። ከተለጠፈ በኋላ በደንብ ተጭኖ ሦስት ቀን ያህል ሳይነዳና ሳይታጠብ ቢቆይ ነው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው።

ፕላስተር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በጎን ሲጎተት ይጠናል፤ ከጫፍ ሲላጥ ግን ይሸነፋል። ንፋስ የሚገባው በስፖይለሩ ጥግ በኩል ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ይልጠዋል። ኮብልስቶንና ጉድጓድ ደግሞ ያግዘዋል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ስፖይለሩ ለቅጽበት ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይዘላል፤ በከተማ ፍጥነት ይህ ንጠት ከንፋሱ በጣም ይበልጣል።

የወደቀ ስፖይለር ካገኛችሁ ገልብጣችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ፕላስተሩ አልለቀቀም። ፕላስተሩ ላይ የቀለምና የስቱኮ ቅርፊት ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። የለቀቀው እሱ ነው፤ ስቱኮው ከእንጨቱ ተነስቷል፣ ወይም ጋራዥ የተቀባው የመኪናው ቀለም ከብረቱ ተነቅሏል። ስለዚህ ጥያቄው ፕላስተሩ ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚል ብቻ አይደለም። ፕላስተሩ የተለጠፈበት ነገር ራሱ በምን ተይዟል? ግጭት ደርሶበት የተስተካከለና እንደገና የተቀባ ኮፈን ላይ በፕላስተር ብቻ መተማመን አይገባም።

«ሁለት ብሎን» የሚለውም አይበቃም። የኋላ ኮፈን ላሜራው ከአንድ ሚሊ ሜትር የሳሳ ነው። ትንሽ ዳዶ ብቻ ካሰራችሁበት ንጠቱ ላሜራውን እየቀደደ ያሰፋዋል። ከውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ ወይም ቁራጭ ላሜራ መደገፍ አለበት። ብሎኑም ቢያንስ አራት ይሁን፤ ከተቻለ ከውስጥ ያሉትን የኮፈኑን አጥንቶች ይያዝ። ከመብሳታችሁ በፊት የውስጡን ልባስ አውርዱና የስቶፕና የታርጋ መብራት ገመድ የት እንደሚያልፍ እዩ። ትራፓኖ ገመድ ለይቶ አያልፍም።

የተበሳው ቀዳዳ ዳርም እንዲሁ አይተውም። በሞረድ ይስተካከል፣ ፀረ ዝገት ይቀባ፣ ከዚያ ሲሊኮን ተደርጎበት ይታሰር። ይህ ካልሆነ በመጀመሪያው ክረምት ምንም አይታያችሁም። በጋ ላይ ብሎኑ ዙሪያ ቀለሙ ትንንሽ እብጠት ያወጣል። በጥፍር ጫር ሲያደርጉት ከሥሩ ቡናማ ዱቄት ይወጣል። የስኮርት ጎማውን ክዳን ስታነሱ ደግሞ ከታች ውኃ ቋጥሯል፣ ክሪኩም ዝጓል። ስፖይለሩን ብታነሱትም አራቱ ቀዳዳዎች እዚያው ናቸው፤ ለባትላሜራና ለቀለም የምትከፍሉት ስፖይለሩን ገዝታችሁ ቢሆን ከምታወጡት አያንስም።

መገጠሚያ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ የውድድር ታሪክም ይመሰክራል። በ1969 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና በሚገኘው ሞንትዡዊክ በተደረገው የስፔን ግራንድ ፕሪ የሎተስ ቡድን ሁለት መኪኖች ከፍ ያሉ ክንፎቻቸው ተሰባብረው ተጋጩ፤ አንዱን ይነዳ የነበረው ግርሃም ሂል፣ ሌላውን ዮኸን ሪንት ነበር። ሪንት ቆስሏል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞናኮ ላይ እንደዚያ ከፍ ብለው የሚቆሙ ክንፎች ታገዱ። እነዚያን ክንፎች የሠሩት በዘመኑ አሉ የተባሉ መሐንዲሶች ናቸው። እውነት ነው፣ የእነሱ ፍጥነትና የእኛ አይገናኝም። ግን በእኛ መንገድ ላይ ከኋላችሁ የሚከተለው ሞተረኛ ወይም ባጃጅ ነው። አምስት ኪሎ እንጨት ከፊቱ ሲወድቅ የሚሸሽበት ጊዜ የለውም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ጠርዙ። የአውቶሞቢል ኋላ ኮፈን ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በየመስቀለኛው መብራት ላይ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጡ ልጆች በቆሙ መኪኖች መካከል ነው የሚሯሯጡት። የስፖይለሩ ጫፍ በፊታቸውና በዓይናቸው ልክ ነው። ጽሑፉ «ጫፉ ሹል ሲሆን ስፖርት መኪና ይመስላል» ይላል። እባካችሁ ጫፉን አክቡት። ከጎንም ከመኪናው አካል አልፎ እንዳይወጣ፣ ከላይም በኋላ መስታወት የሚታየውንና ሦስተኛውን የስቶፕ መብራት እንዳይጋርድ አድርጉ።

«የራስዎ መኪና ነው፣ ማንም አይጠይቅዎትም» የሚለው በሕግም አይቆምም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጥፋት ባይገኝበት እንኳ። ተነቅሎ የወደቀው የራሳችሁ እጅ ሥራ ከሆነ ደግሞ ምን ብላችሁ ትከራከራላችሁ? በየዓመቱ ቦሎ ለማግኘት የሚደረገው የቴክኒክ ምርመራም አለ፤ የተጋረደ መብራትና የሚወዛወዝ ነገር ይዞ መቅረብ ራስን ማጉላላት ነው። ጽሑፉ ጀርመን ላሉ ወገኖቻችንም መድረሱን አይቻለሁ። እዚያ ፈቃድ የሌለው ወይም በቴክኒክ መርማሪ ታይቶ ያልጸደቀ ስፖይለር የመኪናውን የመንገድ ፈቃድ ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ከመግጠማችሁ በፊት ጠይቁ።

ለሚሠራ ሰው የምመክረው ቀጭንና ዝቅ ያለች፣ ከኮፈኑ ጫፍ ላይ የምትለጠፍ ስፖይለር ናት። ፋይበር ግላስ ሆና ከአንድ ኪሎ ብዙ ባትርቅ ጥሩ ነው። መኪናው እንዲያምር ነው የምንሠራት ብለን እንሥራት፤ ማማርም በቂ ምክንያት ነው። ከገጠማችሁ በኋላ ሁለቱን ጥጎች በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጓቸው። ንቅንቅ ካለች መንገድ አትውጡ። ከዚያ በኋላም መኪናውን ባጠባችሁ ቁጥር ጥጎቹን ፈትሹ፤ መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለጸሐፊው ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፍዎ ብዙ ወጣቶች ዘንድ ደርሷል፣ ተወዷል። ስለ ዝናቡና ስለ ፕላስተሩ የጻፏቸውን ሁለት አንቀጾች ቢያስተካክሉና ነጩን ፎም በተመለከተ ማስጠንቀቂያ ቢጨምሩበት፣ የተስተካከለውን ጽሑፍ ለማውቃቸው ሁሉ እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ።